ራጅ ክፍል ለመግባት የምትማሩ ልጆች፣ አጠናኑ እንዲህ ነው

የሜዲካል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ዲፓርትመንት የደረሳችሁ ወይ ልትመርጡት ያሰባችሁ ልጆች፣ በተለይ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን እየተመላለሳችሁ የምትማሩ፣ ይሄን የጻፍኩት ለናንተ ነው። እኔም እዚሁ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው ስራዬም ራጅ ክፍል ነው፣ ለአታችመንት (ሆስፒታል ላይ ለሚደረግ የተግባር ልምምድ) የሚመጡ ተማሪዎችን በየጊዜው አያለሁ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ሃንድአውቱን ጠጥተውታል፣ ግን ታካሚ ፊታቸው ሲቆም መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ይጠፋቸዋል። በነሱ አልፈርድም፣ ብዙዎቹን አጠናኑን ያሳያቸው ሰው የለም። ስለዚ ከፍሬሽማን ጀምሮ እስከ መውጫ ፈተና እንዴት ብታጠኑ እንደሚያዋጣችሁ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ከታች የምለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚዞረው። የራጅ ጥራት የሚወሰነው ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ነው። ከተጫነ በኋላ ጨረሩ በሰውየው ውስጥ አልፏል፣ ፎቶው ተበላሽቶ ድጋሚ ከተነሳ ያ ሰው ያለጥቅሙ ሁለቴ ጨረር ወሰደ ማለት ነው። አናቶሚውም ፊዚክሱም ከታካሚ ጋር የምትነጋገሩበት መንገድም የሚጠናው ስራው በመጀመሪያው እንዲያልቅ ነው።

1. ምን ልትሆኑ እንደሆነ ለዩ

ሰፈር ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው የሚባለው፣ እናንተ ግን ለዩት። ራዲዮሎጂስት ማለት ሜዲስን ተምሮ ጨርሶ ከዚያ በራዲዮሎጂ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፣ ፎቶውን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው። እናንተ የምትሆኑት ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው፣ ታካሚውን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ጨረሩን መጥኖ፣ ፎቶውን የሚያወጣው ባለሙያ። ራዲዮሎጂስቱ የሚያነበው እናንተ ያወጣችሁትን ስለሆነ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ሪፖርቱም ላይ አይኖርም። ራዲዮሎጂስት መሆን ነው ህልሜ የሚል ልጅ ካለ ከአሁኑ ሜዲስን ይሞክር፣ በዚህኛው ዲግሪ አቋርጦ መግባት የለም፣ ይሄን ሶስተኛ አመት ላይ ደርሶ የሚሰማ ልጅ ሳይ በጣም ነው የማዝነው።

ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ፊዚክስን እንደ ማለፊያ ኮርስ እንዳታዩት። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ግሬዳችሁ ይታያል፣ ከዛ በላይ ግን ኤሌክትሪክ፣ ሞገድ፣ አቶም የሚሉት ምእራፎች ሁለተኛ አመት ላይ በራዲዬሽን ፊዚክስ ስም ተመልሰው ይመጣሉ። ጥቁር አንበሳ ግቢ መማር የምትፈልጉ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና እንዳለው አትርሱ። ለግል ኮሌጅ የምትከፍሉ ልጆች ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ አንዱ ለዚሁ ፕሮግራም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና አለው ወይ፣ ሁለተኛው ተግባር የምትለማመዱት የት ሆስፒታል ነው ስንት ወር። ሁለተኛውን በግልጽ መመለስ ያቃተው ቦታ ላይ የወላጆቻችሁን ብር አታስቀምጡ።

2. መንገዱንና መብራቱን አስሉ

ከኮዬ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ በሳሪስ አድርጎ ሜክሲኮ የሚደርስ ተማሪ የታክሲ ወረፋውን ጨምሮ ቀኑን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው፣ ይሄ የታወቀ ነው። መንገድ ላይ ፎቶ ለማንበብ አትሞክሩ፣ ስልክም ይነጠቃል፣ በተሰበረ ስክሪን በጸሐይ የታየ ራጅም ምንም አያስተምርም። መንገድ ላይ ጆሮ ነው የሚሰራው። ማታ ያጠናችሁትን በራሳችሁ ድምጽ ቅዱት፣ ለምሳሌ የደረት ራጅ አነሳስን ከበር አንስታችሁ እስከ መጨረሻው እየተረካችሁ፣ ጠዋት ባስ ላይ ቆማችሁ ስሙት፣ የዘለላችሁት ነገር ራሱ ይሰማችኋል። ፎቶ የሚጠናው ቤት ጨለም ባለ ክፍል ብርሃኑ ከፍ ባለ ስክሪን ነው፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርዳችሁ ያዙ ፓወር ባንክም ሙሉ።

3. አናቶሚን በእጃችሁ አጥኑት

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አናቶሚ ክፍል ውስጥ የአጥንት ስም ትሸመድዳላችሁ፣ ፈተና ላይ ትጽፋላችሁ፣ ራጅ ክፍል ስትገቡ ግን አጥንቱ በቆዳ፣ በስብ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ስለዚ እያንዳንዱን አጥንት ስታጠኑ ከውጭ በእጅ የሚዳሰስ ምልክቱ የቱ ነው፣ በየትኛው አከርካሪ ትይዩ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ዛሬ ማታ ወንድማችሁን ወይ እህታችሁን አስቁሙና ጀምሩ። አንገቱን ወደፊት ሲያጎነብስ ከኋላ ጎልቶ የሚወጣው ሲ7 ነው፣ ሰባተኛው የአንገት አከርካሪ ማለት ነው፣ ቲ የሚባለው የደረት፣ ኤል የሚባለው የወገብ አከርካሪ ነው። ደረት አጥንት አናት ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በቲ2 እና ቲ3 መሀል ትይዩ ናት። ከሷ ዝቅ ስትሉ ደረት አጥንቱ ላይ የሚዳሰስ አግዳሚ ጉብታ አለ፣ እሱ በቲ4 እና ቲ5 መሀል ነው፣ ሁለተኛው የጎድን አጥንት እዛ ጋ ስለሚገናኝ የጎድን አጥንት መቁጠር ከዛ ይጀመራል። የትከሻ አጥንት የታችኛው ጫፍ ቲ7 ነው። ወገብ ላይ ቀበቶ የሚያርፍበት የዳሌ አጥንት ጠርዝ ኤል4 አካባቢ ነው። እነዚህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክታገኙ ድረስ ደጋግሙ፣ ቀጭን ሰው ላይ፣ ወፈር ያለ ሰው ላይ፣ ህጻን ላይ። ወፍራም ሰው ላይ ሆዱን አትመኑት፣ እምብርት ቦታ ይቀይራል አጥንት ግን አይቀይርም።

የእጅ አንጓ ላይ ያሉትን ስምንት ትናንሽ አጥንቶች ደግሞ በስም ብቻ አትተዉ። ከእነሱ ውስጥ ስካፎይድን ለብቻው አጥኑት። እዚህ እኛ አካባቢ ግንባታ የማይቆምበት ነው፣ ከእንጨት መወጣጫ የወደቀ ልጅ እጁን ዘርግቶ ነው የሚያርፈው፣ በአውራ ጣት በኩል አንጓው ጋ ያመኛል ካለ የተለመደው የአንጓ ፎቶ አይበቃም፣ እጁን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጠፍ አድርጋችሁ የስካፎይድ ቪው ጨምሩ የሚል ትእዛዝ መኖሩን ሐኪሙን ጠይቁ። ይሄ ስብራት መጀመሪያ ቀን ላይታይ ይችላል፣ ለዚህ ነው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ተነሳ የሚባለው። ምክንያቱን ካወቃችሁት ታካሚው «ባለፈው ተነስቻለሁ እኮ ለምን ድጋሚ» ሲላችሁ ታስረዱታላችሁ።

4. ፊዚክሱን ማሽኑ ላይ አድርጋችሁ ተማሩት

ፎርሙላ ሸምድዶ መግባት ለሚድ ይሆናል። ከዛ ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ የራጅ ቲዩቡን ራሳችሁ ሳሉት፣ ካቶድ፣ አኖድ፣ ፊላመንት፣ ተንግስተኑ፣ ዘይቱ፣ መስኮቱ፣ ከዛ ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚመታ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አውሩት። ኤሌክትሮኑ ተንግስተኑን ሲመታ ከጉልበቱ 99 በመቶ አካባቢው ሙቀት ነው የሚሆነው፣ ራጅ የሚሆነው ወደ 1 በመቶ ብቻ ነው። ተንግስተን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ያኔ ይገባችኋል፣ የሚቀልጠው በ3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጠዋት ማሽኑ ከመሰራቱ በፊት የሚሞቀውም በቀዝቃዛ አኖድ ላይ ድንገት ከባድ ሙቀት ሲወርድ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ቁጥሮች ጓደኛ አድርጓቸው። ኤምኤኤስ የጨረሩ ብዛት ነው፣ ኬቪ ጉልበቱ ነው፣ ምን ያህል ሰውነት ሰንጥቆ እንደሚያልፍ። ኤምኤኤስ ማለት ሚሊአምፒር በሰከንድ ሲባዛ ነው፣ 200 ሚሊአምፒር በ0.05 ሰከንድ 10 ኤምኤኤስ ይሰጣል፣ 400 በ0.025ም ያው 10 ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው ካላችሁ፣ የሚያለቅስ የሚወራጭ ህጻን ሲመጣ የምትመርጡት ሁለተኛውን ነው፣ ሰዓቱ ስላጠረ ፎቶው አይደበዝዝም። እንደዚ እያንዳንዱን ፎርሙላ የሆነ ሰው ላይ አሳርፉት፣ አይጠፋችሁም።

የ15 በመቶ ህግ የሚባለውንም በቁጥር ስሩት። ኬቪን በ15 በመቶ ከፍ ማድረግ ዲቴክተሩ (ፎቶውን የሚቀበለው ሰሌዳ) ላይ የሚደርሰውን ጨረር ኤምኤኤስን እጥፍ እንዳደረጋችሁ ያህል ያደርገዋል። 60 ኬቪ በ10 ኤምኤኤስ ያነሳችሁትን በ69 ኬቪ በ5 ኤምኤኤስ ታነሱታላችሁ፣ ታካሚው የሚወስደው ጨረር ይቀንሳል፣ በምትኩ የጥቁርና ነጩ ልዩነት ትንሽ ይለዝባል። ርቀት ላይ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ሩብ ይሆናል። ከ100 ሳንቲ ወደ 180 ሳንቲ ስትሄዱ 1.8 በ1.8 ስለሚባዛ 3.24 እጥፍ ኤምኤኤስ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ፈተና ላይም ይመጣል፣ ፖርተብል (ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን) ይዛችሁ ዋርድ ስትገቡም ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው። ድሮ በፊልም ጊዜ ጨረር ካበዛችሁ ፊልሙ ጠቁሮ ያጋልጣችሁ ነበር። ዲጂታል ላይ ግን ኮምፒውተሩ አስተካክሎ ቆንጆ አድርጎ ያሳያችኋል፣ ጨረር ሲያንስ ብቻ ነው ፎቶው አሸዋ የሚመስለው። ስለዚ ሰው ሳያውቀው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል ማንም ቅር አይለውም፣ የሚጎዳው ታካሚው ነው። መድኃኒቱ ኤክስፖዠር ኢንዴክስ የሚባለውን፣ ዲቴክተሩ ላይ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰ የሚያሳየውን ቁጥር ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ማየት ነው። ፎቶው አማረ ብላችሁ አትለፉ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ የማሽኑ አምራች ካስቀመጠው መጠን ውስጥ ነው ወይ በሉ።

5. ፖዚሽኒንግ፣ በደረት ራጅ ጀምሩ

ከሁሉም በላይ የምታነሱት ደረት ስለሆነ እሱን እንከን የሌለው አድርጉት፣ ሌላው ይከተላል። ቤት ውስጥ ግድግዳው እንደ ዲቴክተር ሆኖ ያለምንም ማሽን ልትለማመዱ ትችላላችሁ።

ታካሚው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቁም፣ አገጩ ቀና ይበል፣ የእጁ ጀርባ ዳሌው ላይ ይረፍ፣ ትከሻው ዝቅ ብሎ ወደፊት ይጠቅለል፣ ይሄ የትከሻ አጥንቱን ከሳንባው ላይ ያስወጣል። ከቲዩቡ እስከ ዲቴክተሩ ርቀቱ 180 ሳንቲ ነው። ለምን ብትሉ ከሩቅ ሲነሳ ልብ ያለመጠኑ አይገዝፍም፣ በጀርባ በኩል ጨረሩ ገብቶ በደረት በኩል መውጣቱም ልቡ ለዲቴክተሩ ቅርብ እንዲሆን ነው። ተኝቶ በፊት በኩል የተነሳ ሰው ልቡ ትልቅ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው፣ ስለዚ እንደዛ ስታነሱ ፎቶው ላይ ጻፉት፣ ያለዚያ ሐኪሙ ልብ ድካም መሰለኝ ሊል ይችላል። ሴንተር የምታደርጉት ቲ7 ላይ ነው፣ ከሲ7 ወደታች ለሴት ወደ 18 ሳንቲ ለወንድ ወደ 20 ሳንቲ። ከግሪድ (የተበተነውን ጨረር ከሚያጣራው ሰሌዳ) ጋር ከሆነ ከ110 እስከ 125 ኬቪ። ማርከሩን ከመጫናችሁ በፊት አስቀምጡ፣ ቀኝ ወይስ ግራ የሚለውን በኋላ በኮምፒውተር መጻፍ አትልመዱ፣ ልባቸው በቀኝ በኩል የሆነ ሰዎች አሉ፣ ያኔ ምን ይውጣችኋል?

ከዛ ትንፋሽ። አንዴ ሳብ አድርገው ያስወጡ፣ ሁለተኛውን በደንብ ሳብ አድርገው ይያዙት፣ ሁለተኛው ላይ ነው የምታነሱት፣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሙሉ አይሆንም። በጥሩ ትንፋሽ የተነሳ ፎቶ ላይ ከዲያፍራሙ (ደረትና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 10 የኋላ ጎድን አጥንት ትቆጥራላችሁ።

አደጋ ደርሶበት የመጣ ሰው ላይ ግን ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የመኪና አደጋ ማለት ለኛ አካባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። አንገቱ የታሰረ ታካሚ ሲመጣ ሰውየውን እንዳታንቀሳቅሱት፣ ቲዩቡንና ካሴቱን (ፎቶውን የሚቀበለውን ሰሌዳ) ነው የምታንቀሳቅሱት። የአንገት ማሰሪያውን ሐኪም ሳያዝ አትፍቱ። የጎን የአንገት ፎቶ ላይ ሲ7 እና ቲ1 የሚገናኙበት ቦታ ካልታየ ፎቶው አላለቀም፣ ትከሻ ይሸፍነዋልና ሐኪሙ ከፈቀደ እጆቹን ወደታች ማስሳብ ወይ ሌላ ቪው መጨመር ይኖርባችኋል።

6. ማተብ፣ ሹሩባ፣ ክታብ

ይሄን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ያነሳው የሚስቱ የእጅ ራጅ ላይ ቀለበቷ ጎልቶ ይታያል፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ብረት ራጅ ላይ ብረት ነው። እኛ ሀገር ግን ሰው አንገቱ ላይ ያለው ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ማተብ ነው፣ መስቀል ነው፣ ክታብ ነው። «አውልቁት» ብላችሁ በትእዛዝ ካላችሁ እማማ ይከፋቸዋል፣ ደረታቸውም ይጨናነቃል፣ ትንፋሹም እንቢ ይላል። ክሩ ብቻ ከሆነ ደረት ላይ ያን ያህል ችግር አያመጣም፣ መስቀሉ ነው ብረቱ። «እማማ ማተቡን አላስፈታዎትም፣ መስቀሉን ብቻ ወደ አገጭዎ ከፍ ላድርገው» በሏቸውና ወደ አንገታቸው በላይ በፕላስተር አስይዙት፣ አለቀ። ክታብም እንደዛው፣ የቆዳ ከረጢቱ ውስጥ ብረት ሊኖር ስለሚችል ከሚነሳው ቦታ ይውጣ እንጂ ከሰውየው እጅ አይውጣ።

ሹሩባን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። የተጎነጎነ ጸጉር ትከሻ ላይ ከወረደ የሳንባ አናት ላይ ጥላ ይጥላል፣ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ አዋቂ ሰው ላይ በብዛት የሚታየው እዛው የሳንባ አናት ላይ ነው! ጸጉሩን ወደላይ ሰብስባችሁ ጠቅልሉት፣ ያለዚያ ወይ የሌለ በሽታ ትፈጥራላችሁ ወይ ያለውን ትሸፍናላችሁ። የሂጃብ መርፌም ልክ እንደዛ፣ ሴት ባልደረባ ካለች እሷ ታግዛት፣ በሩ ይዘጋ።

ቋንቋ ላይም ትንሽ ልፉ። ከገላን ከዱከም ከአቃቂ ዙሪያ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ነው የሚሰሙት፣ ትንፋሽ ያዙ ስትሏቸው ካልገባቸው ፎቶው ይበላሻል። ቢያንስ እነዚህን ያዙ፣ «ሀፉራ ኬሰን ኦል ፉዸዻ» ማለት ትንፋሽዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ «ቀባ» ይያዙት፣ «ገድ ዺሳ» ይልቀቁት፣ «ሂን ሶቾኢና» አይንቀሳቀሱ። ከመጫናችሁ በፊት አንዴ አብራችኋቸው ተለማመዱ።

ለመውለድ እድሜ ላይ ያለች ሴት ስትመጣ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠይቁ፣ እናቷ ወይ ባሏ ፊት ግን አትጠይቋት፣ እውነቱን አትነግራችሁም። ለብቻ ወደ ውስጥ ስትገባ ቀስ ብላችሁ። እርግዝና ሊኖር ይችላል ካለች እናንተ አትወስኑ፣ ለላካት ሐኪም ደውሉ።

7. ራሳችሁን ጠብቁ

ሶስት ቃል ነው፣ ጊዜ፣ ርቀት፣ መከለያ። ትልቁ መከላከያ ርቀት ነው፣ ብር አያስወጣም። ፖርተብል ስታነሱ የገመዱን ርዝመት ጨርሱት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፣ ከላይ ያልኩት የሩብ ሂሳብ እዚህ ጋ ለናንተው ይሰራል። ለጨረር ሰራተኛ የተቀመጠው አለም አቀፍ ገደብ በ5 አመት ተማክሎ በአመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፣ በአንዱም አመት ከ50 ማለፍ የለበትም፣ ለህዝብ ደግሞ 1 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከአንድ ደረት ራጅ ጋር አስተያዩዋቸው፣ እሱ ወደ 0.02 ሚሊሲቨርት ነው፣ የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 8 ይጠጋል። ስለዚ ራጅ ክፍል የገባ ሁሉ መሀን ይሆናል የሚለውን የሰፈር ወሬ በቁጥር መልሱለት፣ ሲቲ ላይ ደግሞ ያለምክንያት አለመላክ ለምን እንደሚባል በዚያው ይገባችኋል።

ታካሚ ይዛችሁ አታስነሱ። ህጻን ከሆነ ቤተሰብ ይያዝ፣ ኤፕረን (ሊድ ያለበት የጨረር መከላከያ ሽርጥ) አልብሷቸው፣ እርጉዝ እናት አትያዝ። ኤፕረኑን ወንበር ላይ አጣጥፎ መጣል ብዙ ቦታ አያለሁ፣ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ሊድ ይሰነጠቃል ከውጭ ደግሞ አይታይም፣ ስቀሉት። የጨረር መለኪያ ባጅ ከተሰጣችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፣ ራጅ ክፍል ውስጥ ጥላችሁ አትውጡ፣ ለጓደኛ አታውሱ። ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ተማሪ ሆና ያረገዘች ልጅ ካለች ቶሎ ለሃላፊዋ ታሳውቅ፣ ከሙያው ውጪ አትባልም፣ የምትሰራበት ቦታ ይስተካከልላታል።

እና ማስክ። የሚያስል ሰው ስር ነው የምትውሉት፣ መስኮት ክፈቱ።

8. ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፣ መሰረቱ ካላችሁ ቶሎ ትይዙታላችሁ። ሲቲ ላይ የሃውንስፊልድን ቁጥሮች (እያንዳንዱ አካል ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚያሳዩትን) ያዙ፣ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 አካባቢ፣ ጠጣር አጥንት ወደ 1000 እና ከዛ በላይ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ላይ አዲስ የፈሰሰ ደም ከአንጎሉ ነጣ ብሎ የሚታየው ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ነው። አንዱን ምስል ለአንጎል ወደ 80 ስፋት በ40 ማእከል፣ ለሳንባ ወደ 1500 ስፋት ከዜሮ በታች 600 ማእከል አድርጋችሁ እየቀያየራችሁ እዩት፣ ዊንዶው የሚባለው ነገር፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የቁጥር ክልል መምረጥ፣ በንባብ አይገባም። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) ከመሰጠቱ በፊት ክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ታይቷል ወይ፣ አለርጂ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ኤምአርአይ ላይ አንድ ነገር ከሁሉ ይቅደም፣ ማግኔቱ ሁሌም በርቷል። መብራት ቢጠፋም፣ ማታም፣ እሁድም። የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ዊልቸር፣ መቀስ ይዞ መግባት ሰው ይገድላል። የምትጠይቁት ዝርዝር ላይ የልብ ማሽን አለ፣ በጥይት ወይ በፍንጣሪ የተመታ አለ፣ ቃሊቲ አካባቢ ደግሞ ብየዳ ቤት የሚሰራ ሰው ብዙ ስለሆነ «ዓይንዎ ውስጥ የብረት ፍንጣቂ ገብቶ ያውቃል?» የሚለውን በጭራሽ አትዝለሉ፣ ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ የዓይን ዙሪያ ራጅ ይነሳል። ፊዚክሱ ላይ በ1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ሃይድሮጅን ወደ 64 ሜጋኸርዝ ላይ እንደሚዞር አስሉት፣ በየቴስላው 42.58 ነው።

አልትራሳውንድ ላይ ድምጹ በለስላሳ አካል ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ይሄዳል፣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ጥራቱ ይጨምራል ጥልቀቱ ይቀንሳል። እንቅርት በከፍተኛው፣ ሆድ በዝቅተኛው።

9. የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ

አታችመንት ላይ ሎግቡክ ታስፈርማላችሁ፣ እሱ ለኮሌጁ ነው። ለራሳችሁ ሌላ ትንሽ ደብተር ያዙ። እያንዳንዱን ያያችሁትን ፎቶ የሰውነት ክፍሉን፣ የሰውየውን ውፍረት በዓይን፣ ኬቪ፣ ኤምኤኤስ፣ ርቀት፣ ኢንዴክሱን ጻፉ፣ ስም አትጻፉ። ሪፒት ከተደረገ፣ ማለትም ድጋሚ ከተነሳ፣ ምክንያቱን በአንድ ቃል፣ ትንፋሽ፣ መዞር፣ መቆረጥ፣ ጌጥ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የትኛው ምክንያት እንደሚደጋገም ራሳችሁ ታያላችሁ፣ ያንን ብቻ ይዛችሁ ትሰሩበታላችሁ።

ፎቶ ስትገመግሙም ሁሌ በአንድ አይነት ቅደም ተከተል ሂዱ። ስምና ቀኝ ግራ፣ የሁለቱ ክላቪክል (ከአንገት ስር ወደ ትከሻ የሚሄዱት አጥንቶች) ውስጠኛ ጫፎች ከአከርካሪው መሀል እኩል ርቀት ላይ ናቸው ወይ፣ ጎድን አጥንቶቹ ተቆጠሩ ወይ፣ የሳንባው አናትና የታችኞቹ ሁለት ሹል ጥጎች ገብተዋል ወይ፣ ከልቡ ጀርባ አከርካሪው በስሱ ይታያል ወይ። ከዛ በኋላ ነው ወደ በሽታው የምትሄዱት። ራዲዮሎጂስቱ ሪፖርት ሲጽፍ አጠገቡ ለመቆም ፈቃድ ጠይቁ፣ አብዛኞቹ ደስ እያላቸው ነው የሚያስተምሩት።

የታካሚ ፎቶ በስልክ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ግን ይቅርባችሁ፣ ስሙ ጥግ ላይ ተጽፎ የተለቀቀ ፊልም ስንቴ አይቻለሁ፣ ያ ሰው የሆነ ሰው አባት ነው።

ፎቶው ላይ አስጊ ነገር ካያችሁ፣ ለምሳሌ ሳንባው አየር ወጥቶበት ተጨማዶ፣ ታካሚውን ወረፋ ላይ አታስቀምጡ፣ ሮጣችሁ ለሲኒየሩ ወይ ለሐኪሙ ንገሩ። ለታካሚው ግን በሽታውን አትንገሩ፣ «ሐኪምዎ አሁኑኑ ያይዎታል» በቂ ነው።

10. መውጫ ፈተናውን በሶስተኛ አመት ጀምሩት

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለመስራት ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ። ሁለቱንም በመጨረሻው ወር ሃንድአውት አነብንቦ ማለፍ ከባድ ነው። ሶስት ሆናችሁ በሳምንት አንዴ ተገናኙ፣ ኮዬ ያላችሁ ልጆች ብሎካችሁ ቅርብ ስለሆነ ይሄ ይቀላችኋል። አንዱ ታካሚ ይሁን፣ አንዱ ቴክኖሎጂስት፣ አንዱ ፈታኝ። ፈታኙ ወረቀት ያወጣል፣ «የ60 አመት አባት፣ ሆዳቸውን ድንገት አሟቸዋል፣ አንጀት ተበስቷል ተብሎ ይጠረጠራል»፣ ቴክኖሎጂስቱ ምን ፎቶ እንደሚያነሳ፣ ለምን ቆመው ወይ ተቀምጠው መነሳት እንዳለባቸው፣ አየሩ ወደላይ ወጥቶ ከዲያፍራም ስር እንዲሰበሰብ ከመነሳታቸው በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀና ብለው መቆየት እንደሚኖርባቸው፣ መቆም ካልቻሉ ደግሞ በግራ ጎናቸው አስተኝቶ እንደሚያነሳ እየሰራ ያስረዳ። የሳተውን ፈታኙ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከእሱ ይጀመር።